ከደቻቱ በላይ ያለው የምሽት ሰማይ

 

አሁን ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ድልድይ ላይ ሙቀቱ በረድ ብሏል፤ ባጃጁ ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ፣ ከመጋላ ወደ ከዚራ ይመላለሳል፤ ከድልድዩ ሥር ያለው የወንዙ አሸዋ እንደደረቀ ነው። የዛሬው ዝግጅታችን ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ነው። ቀጥ ብሎ ከራሳችን በላይ፣ 300 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ በዚህችው ሰዓት የሚፈላ ነገር አለ። ደመና አይደለም፣ ነፋስም አይደለም። በዓይን አይታይም፣ ድምፅ የለውም። የምናውቀው እሱን ሰንጥቀው በሚመጡ የሳተላይት ሲግናሎች ነው።

ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ አድማጮች፣ ነገሩን ሳታውቁት በጆሯችሁ ሰምታችሁታል። በአጭር ሞገድ የጀርመን ድምፅን ወይም የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ዝግጅት ትከታተሉ የነበራችሁ አስታውሱ። ራዲዮኑ መስኮት ላይ ይቀመጣል፣ አንቴናው ይመዘዛል። ድምፁ ጥርት ብሎ ሲመጣ ቆይቶ ድንገት ይርገበገባል፣ ይሰምጣል፣ ደግሞ ብቅ ይላል። አንዱ ባትሪው ደከመ ይላል፤ ሌላው ጣቢያውን እያፈኑት ነው ይላል። ባትሪ የሚደክምበትም፣ ጣቢያ የሚታፈንበትም ጊዜ ነበረ፤ አይካድም። ይሁን እንጂ በመጋቢትና በመስከረም ምሽቶች ለሚመጣው ለዚያ ፈጣን መርገብገብ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሰማዩ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ከፀሐይ እንነሳ። ፀሐይ ከምንሞቀው ብርሃን ሌላ በዓይን የማይታይ ኃይለኛ ጨረር ትልካለች። ይህ ጨረር ከ80 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ስስ አየር ሲመታ ከአቶሞቹ ላይ ኤሌክትሮኖችን ያላቅቃል። እነዚህ ነጻ የወጡ ኤሌክትሮኖች የሚገኙበት የከባቢ አየር ክፍል አዮኖስፌር ይባላል። የአጭር ሞገድ ስርጭት ከጀርመን ተነስቶ ድሬዳዋ የሚደርሰው ከዚህ ክፍል ጋር ተላትሞ ወደ ምድር እየተመለሰ ነው። የኤፍኤም ሞገድና የሳተላይት ሲግናል ግን አይመለሱም፣ ሰንጥቀውት ያልፋሉ። ሲያልፉ ታዲያ እንዲሁ አይለቃቸውም፤ ያዘገያቸዋል፣ ያጎብጣቸዋል፣ ሲብስም ያንቀጠቅጣቸዋል።

እዚህ ላይ የእኛ ቦታ ልዩነት ይመጣል። በካርታ የምናውቀው የምድር ወገብ ከድሬዳዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ፣ ኬንያ ውስጥ ነው። የመግነጢስ ወገብ የሚባለው ሌላ መስመር ነው። የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይና ወደ ታችም መዞር እንዲችል አድርጋችሁ ብትሰቅሉት አውሮፓ ውስጥ ጫፉ ወደ መሬት ያዘቀዝቃል፤ በመግነጢስ ወገብ ላይ ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆማል። ይህ መስመር ፔሩን፣ ናይጄሪያን፣ ኢትዮጵያንና የደቡብ ህንድን ጫፍ አቋርጦ ዓለምን ይዞራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከአዲስ አበባም ከድሬዳዋም ሩቅ አይደለም። በመስመሩ ላይ የምድር የመግነጢስ መስመሮች ከደቡብ ወደ ሰሜን ተጋድመው ነው የሚያልፉት፤ ኤሌክትሮኖች ደግሞ እነሱን ተከትለው እንጂ አቋርጠው እንደ ልባቸው አይሄዱም። የምሽቱ ሁከት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ፀሐይ ስትጠልቅ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያለው የታችኛው ሽፋን ወዲያው ይከስማል፤ አየሩ ስለሚወፍር ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቹ ጋር ቶሎ ይጋጠማሉ። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ግን ለሰዓታት ይቆያል። እንዲያውም በዚያው ሰዓት የሚነሳ የኤሌክትሪክ መስክ ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ከላይ ጥቅጥቅ ያለ ሽፋን፣ ከሥሩ ባዶ ማለት ይቻላል። በጠርሙስ ውስጥ ውሃውን ከላይ፣ ዘይቱን ከታች ብታደርጉት ለቅጽበት ይቆም ይሆናል፤ ትንሽ ነካ ካደረጋችሁት ግን ዘይቱ በየቦታው እየፈላ ይወጣል። ከላያችን የሚሆነውም ይኸው ነው። ከሥር ያለው ኤሌክትሮን አልባ ክፍል ጥቅጥቁን እየሰነጠቀ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይወጣል። ተመራማሪዎች የፕላዝማ አረፋ ይሉታል። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ፤ የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ። ጀምስ ደንጂ የተባለው እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ ይህን ማብራሪያ ያቀረበው በ1956 ነው። ሁከቱ ራሱ ግን ቀደም ብሎ፣ በ1938፣ ፔሩ ሁዋንካዮ ላይ ቡከርና ዌልስ በተባሉ ተመራማሪዎች ተመዝግቦ ነበር።

አረፋው አረፋ ይባል እንጂ ክብ አይደለም። የመግነጢስ መስመሮቹን ተከትሎ ከደቡብ ወደ ሰሜን በሺህ ኪሎ ሜትሮች ይዘረጋል፤ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲለካ ግን ብዙ ጊዜ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት ያነሰ ወይም የበለጠ ነው። ደግሞም ይሄዳል። በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ይነጉዳል። እስቲ እናስላው፤ በሰዓት 360 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በአየር መስመር 340 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አዲስ አበባን የሸፈነ አረፋ በመንገዱ ካልከሰመ 4 ሰዓት ገደማ ደቻቱ ላይ ይደርሳል። በእኔ አመለካከት ይህች ቀላል ስሌት ከብዙ ቀመር ትበልጣለች፤ አዲስ አበባ ላይ ያለ መሣሪያ ለድሬዳዋ የአንድ ሰዓት ማስጠንቀቂያ ሊሰጥ ይችላል ማለት ነውና።

ታዲያ የማይታይ ነገር እንዴት ይለካል? ዘዴው ከምታስቡት በላይ ቀላል ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው እያንዳንዳቸው በሁለትና ከዚያ በላይ ድግግሞሾች ሲግናል ይልካሉ፤ አንዱ 1,575.42 ሜጋኸርዝ፣ ሁለተኛው 1,227.60 ሜጋኸርዝ ነው። እኩል ተነስተው እኩል አይደርሱም። ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው በአዮኖስፌር ውስጥ ይበልጥ ይዘገያል። የሁለቱን የመድረሻ ልዩነት የለካ ሰው በመንገዱ ላይ ስንት ኤሌክትሮን እንደነበረ ያውቃል። በየ30 ሰከንዱ ቢለካ የኤሌክትሮኖቹን ብዛት ይከታተላል፤ ቁጥሩ ድንገት ወርዶ ድንገት ሲወጣ አረፋ አለፈ ማለት ነው። ጥቃቅኑን ሁከት ለመያዝ ደግሞ የሲግናሉን ጥንካሬ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመዘግብ መሣሪያ ያስፈልጋል። የአንዱ ደቂቃ መዋዠቅ ተሰልቶ ኤስ-4 የሚባል ቁጥር ይወጣለታል። ቁጥሩ ለዜሮ ከቀረበ ሰማዩ ጸጥ ብሏል፤ ከ0.6 ካለፈ ሲግናሉ ክፉኛ እየተናወጠ ነው።

ሳተላይትን ለዚህ ሥራ መጠቀም አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ስፑትኒክ በጥቅምት 1957 ሲመጥቅ በ20 እና በ40 ሜጋኸርዝ ገደማ ቢፕ ቢፕ ይል ነበር፤ ድምፁ አዮኖስፌርን ለማጥናት ያኔውኑ ውሏል። በዚያው ዓመት፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት፣ አዲስ አበባ ላይ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። መሥራቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መምህር የነበሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን ናቸው። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ላይ በጻፉት መጽሐፍ ነው። የጣቢያው መነሻ ግን የመግነጢስ ልኬት ነበር፤ አዲስ አበባ የተመረጠችውም ለመግነጢስ ወገብ ቅርብ ስለሆነች ነው። ስለዚህ የእኛን ሰማይ በመለካት ረገድ ወደ ኋላ የቀረነው ገና ከጅምሩ አይደለም። የቀረነው ከዚያ በኋላ ነው።

በ1962 ፔሩ ውስጥ፣ ሊማ አጠገብ፣ የሂካማርካ ራዳር ሥራ ጀመረ። 18,432 የአንቴና ዘንጎች በ300 ሜትር በ300 ሜትር መሬት ላይ የተደረደሩበት ግዙፍ ጣቢያ ነው። ስለ መግነጢስ ወገብ ሰማይ በየመጽሐፉ የምናነበው አብዛኛው ነገር ከዚያ የመጣ ነው። ወገቡ የብስ ላይ ረጅሙን መንገድ የሚጓዘው አፍሪካ ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ መሣሪያ የነበረው ግን ደቡብ አሜሪካና እስያ ነው። የፔሩ ሰማይና የእኛ ሰማይ አንድ ነው ተብሎ ለአሥርተ ዓመታት ታለፈ። ሲኖፍስ የተባለው የአሜሪካ ሳተላይት ሚያዝያ 2008 ላይ ከመጠቀ በኋላ ነው ግምቱ በደንብ የተነቃነቀው። የእሱና የሌሎች ሳተላይቶች መዝገብ ሲገለበጥ አረፋ በብዛት የሚታየው በአፍሪካ ሰማይ ሆኖ ተገኘ። ፔሩ ላይ አረፋ በሚጠፋበት በክረምታችን ወራት ሳይቀር እዚህ ይታያል። ለምን? አንዳንዱ ከታች ከነጎድጓዳማው ደመና የሚነሳ ሞገድ ነው ይላል፤ ሌላው የመግነጢሱ መስመር አቀማመጥ ነው ይላል። ክርክሩ አልተቋጨም፤ ከሊማ ሆኖ ደግሞ አይቋጭም።

እኛ ዘንድ ሥራውን የያዙ ሰዎች አሉ። ፊንላንድ ኦውሉ ዩኒቨርሲቲ በራዳር ሳይንስ ዶክትሬታቸውን ሠርተው በኋላ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ባይሌ ዳምጤ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ዋሸራ የሚባለው የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ እንዲቆም ካደረጉት መካከል ናቸው። ባሕር ዳር ላይ የሲግናል መናወጥን የሚመዘግብ መሣሪያ ተተክሏል። አሜሪካ የሚሠሩት ዶክተር እንዳወቀ ይዘንጋው ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር አምበር የተባለውን የአፍሪካ የመግነጢስ መለኪያዎች መረብ ዘረጉ፤ አንዱ ጣቢያ አዲግራት ነው። አዲስ አበባ መስመሩ አጠገብ ናት፣ አዲግራት ራቅ ትላለች። የሁለቱ ልኬት ሲቀናነስ በቀን፣ በ110 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ ወገቡን ተከትሎ የሚፈሰው የኤሌክትሪክ ጅረት ምን ያህል እንደሆነ ይታወቃል፤ አዮኖስፌሩ በምን ፍጥነት ወደ ላይ እየተገፋ እንደሆነም ከዚያ ይገመታል። ለዚህ ጅረት በ1951 ስም ያወጣለት የጂኦፊዚክስ ሊቁ ሲድኒ ቻፕማን ነው። በእሱ ስም የሚጠራው የአሜሪካ ጂኦፊዚክስ ኅብረት ጉባኤ በኅዳር 2012 አዲስ አበባ ላይ ተካሂዶ ነበር፤ ርዕሱም ይኸው፣ የኅዋ የአየር ጠባይ ከቦታ ቦታ ለምን ይለያያል የሚል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ይህ ነው። የኢትዮጵያን አዮኖስፌር ካጠኑ ጽሑፎች ብዙዎቹ የተጠቀሙበት የጂፒኤስ መረጃ ለሰማይ ተብሎ የተሰበሰበ አይደለም። የስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ በዓመት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚራራቅ ለመለካት በድንጋይ ላይ ከታሰሩ መቀበያዎች የመጣ ነው። መስከረም 2005 ላይ አፋር ውስጥ ዳባሁ አጠገብ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲሰነጠቅ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ወደ አካባቢው በብዛት ገቡ። ለመሬት ሊቁ አዮኖስፌር ተሰልቶ የሚጣል ስሕተት ነው። የጣለውን ያነሳ የፊዚክስ ተመራማሪ ደግሞ አረፋ አገኘበት።

ከዚያው ሲግናል ሦስተኛ ነገርም ይወጣል፤ ይህኛው ደቻቱን በቀጥታ ይነካል። ሲግናሉ አዮኖስፌርን አልፎ ወደ ታች ሲወርድ በእርጥብ አየር ውስጥ ያልፋልና እንደገና ይዘገያል። የአዮኖስፌሩን ድርሻ በሁለቱ ድግግሞሾች ከቀነሳችሁና ደረቁ አየር የሚያዘገየውን ካነሳችሁ የሚቀረው ከራሳችሁ በላይ ያለው የውሃ ተን ነው። ፕሮፌሰር ግዛው መንግሥቱ ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር በኢትዮጵያ ተራራማ ምድር ላይ ያለውን የውሃ ተን በጂፒኤስ ለክተው በ2015 አሳትመዋል። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከደንገጎ ተራሮች ወርዶ በደቻቱ የገባውን ጎርፍ የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም፤ ከ250 በላይ ሰው አልቋል። ያን ሌሊት እዚህ አሸዋ ላይ የደረሰው ውሃ ሌላ ቦታ የዘነበ ነው። ከላይ በተራራው ያለውን ተን በየደቂቃው የሚናገር መቀበያ ጎርፍ አያቆምም፤ ለትንበያ ባለሙያው ግን ከዝናብ መለኪያው ቀድሞ የሚደርስ መረጃ ነው።

ወደ አረፋው ልመለስ። ጉዳቱስ? ለባጃጅ ነጂው የለም ማለት ይቻላል። የፀሐይ እንቅስቃሴ በሚያይልበት ዘመን፣ በቀን፣ አዮኖስፌር የጂፒኤስን ርቀት ከ16 ሜትር በላይ ሊያዛባ ይችላል፤ ሳተላይቱ ራሱ የሚልከው ማረሚያ ግማሽ ያህሉን ያስተካክለዋል። ቀያሾቻችንም ሥራቸው በቀን ስለሆነ ከምሽቱ አረፋ ጋር ብዙ አይገናኙም። ጉዳዩ የሚከብደው አውሮፕላን በሳተላይት እየተመራ ወደ ማኮብኮቢያ በሚወርድበት፣ መርከብና ድሮን በሌሊት በሚሄዱበት ጊዜ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ለአቪዬሽን የሚሠሩት የጂፒኤስ ማረሚያ ሥርዓቶች ወደ መግነጢስ ወገብ ሲመጡ ከሚከብዳቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

አሳዛኝ ምሳሌም አለ። መጋቢት 4 ቀን 2002 አፍጋኒስታን ውስጥ ታኩር ጋር በተባለ ተራራ ላይ ወደ ውጊያ ይገባ ለነበረ የአሜሪካ ሄሊኮፕተር ማረፊያው ጠላት አለበት የሚል የሳተላይት ራዲዮ መልእክት ተላከ፤ አልደረሰም። በውጊያው ሰባት የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። ከ12 ዓመት በኋላ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዚያን ቀን የሳተላይት ምስል መርምረው ሲግናሉ ባለፈበት መንገድ ላይ የፕላዝማ አረፋ እንደነበረና መልእክቱ እንዲጠፋ አስተዋጽኦ ሳያደርግ እንዳልቀረ ጻፉ። የአውሮፓ የስዋርም ሳተላይቶችም ከምድር ወገብ በላይ ሲያልፉ የራሳቸው ጂፒኤስ እየጠፋባቸው ተቸግረዋል።

አንድ የተለመደ ግምት ላርም። አረፋ የሚወለደው በእኛ መስመር ላይ ስለሆነ መናወጡም እዚሁ ይበረታል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ቁንጮው ግን ሌላ ቦታ ነው። ቀን ላይ ከወገቡ ወደ ላይ የተገፉት ኤሌክትሮኖች የመግነጢስ መስመሮቹን ይዘው ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ስለሚወርዱ፣ ከወገቡ 15 ዲግሪ ገደማ ወዲያና ወዲህ ይከማቻሉ። በእኛ አቅጣጫ ሲታሰብ በደቡብ ግብጽና በታንዛኒያ በኩል ማለት ነው። ሲግናል ክፉኛ የሚናወጠው ጥቅጥቁ ባለበት ስለሆነ፣ አረፋው የኛ ሆኖ የባሰው ችግር ለጎረቤት ይደርሳል።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ከ2016 ወዲህ የመጡ የአንድሮይድ ስልኮች ብዙዎቹ የእያንዳንዱን ሳተላይት የሲግናል ጥንካሬ የሚያሳይ መተግበሪያ ይቀበላሉ፤ ጂፒኤስቴስት የሚባለው በነጻ ይገኛል። ከግድግዳና ከዛፍ ራቅ በሉ፤ የደቻቱ አሸዋ ዝናብ በሌለበት ወቅት ጥሩ ነው፤ ደንገጎ በኩል ደመና ከጠቆረ ግን እዚያ አትቁሙ። ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጡትና አትንኩት፤ በእጅ ከያዛችሁት የሰውነታችሁ ጥላ ቁጥሩን ያበላሸዋል። ከእያንዳንዱ ሳተላይት አጠገብ፣ ሜዳ ላይ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 45 የሚደርስ ቁጥር ይታያል። ጸጥ ባለ ምሽት ቁጥሩ ብዙም አይነቃነቅም። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ በአንዱ የሰማይ ክፍል ያሉት ሁለት ሦስት ሳተላይቶች ቁጥራቸው በየሰከንዱ ሲወጣና ሲወርድ፣ የሌሎቹ ግን ባለበት ሲቆም ካያችሁ አረፋ ሳይሆን አይቀርም። ሁሉም እኩል ከወረዱ ስልኩን የሸፈነ ነገር ፈልጉ። ጥሩዎቹ ወራት መጋቢትና መስከረም ናቸው። የፀሐይ እንቅስቃሴ በ2024 መጨረሻ አካባቢ ጣሪያ ነክቶ አሁን ወደ መውረዱ ነው፤ ስለዚህ ይህንና የሚመጣውን ዓመት አታሳልፉ።

ሰዓቱንና የሳተላይቱን ቁጥር ጻፉና ለዝግጅታችን ላኩልን። አዲስ አበባና አዳማ ያላችሁም ብትጨምሩበት የአንድ ሰዓቱን ስሌት አብረን እንፈትሻለን። ከሳምንት በኋላ በዚሁ ሰዓት በቀን የሚፈሰውን የኤሌክትሪክ ጅረት ይዘን እንመለሳለን። ደህና አምሹ።